ሬዚደንቶችን ማስረጃ መፈለግና መመዘን እንዴት እናስተምር? ከራውንድ የሚጀምር የአሠራር መመሪያ

ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ምን እንደሆነ ሌክቸር ሰጠኋቸው። ፈተናውንም በደንብ ሠሩት። ራውንድ (ታካሚዎችን አልጋ በአልጋ የምናይበት ዙር) ላይ ግን ይህን መድኃኒት ለምን አዘዛችሁ ስላቸው፣ እዚህ ሁሌም እንዲህ ነው የሚደረገው ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

መልሴ አጭር ነው። ትምህርቱን ከአዳራሽ አውጥታችሁ ታካሚው አልጋ አጠገብ ውሰዱት። በ2004 ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የጥናቶች ግምገማ ይህንኑ ያሳያል። ለብቻው የሚሰጥ ኮርስ እውቀትን ያሻሽላል። ክህሎትን፣ አመለካከትንና የሥራ ልማድን የሚለውጠው ግን ከዕለት ተዕለት ሕክምናው ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጥ ትምህርት ነው። እንዴት እንደሚቀላቀል ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ከ4 እስከ 6 የሚሆኑ ተማሪ ሐኪሞች። ከዚያ ከበዙ ሁለት ቦታ ክፈሏቸው። ሰው ሲበዛ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ያዳምጣሉ።
- ኪስ ውስጥ የሚገባ ባዶ ካርድ ወይም በአራት የተቆረጠ ወረቀት።
- ኢንተርኔት ያለው ስልክ ወይም ኮምፒውተር። ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ለማንም ነጻ ነው። በሂናሪ (ለታዳጊ አገሮች ተቋማት የሕክምና ጽሑፎችን የሚያደርስ) ፕሮግራም የታቀፈ ተቋም ውስጥ ካላችሁ ሙሉ አርቲክሎችን ለማግኘት መግቢያውን ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ጠይቁ።
- የካስፕ መመዘኛ ቅጾች (ጥናቱ የሚታመን መሆኑን የሚፈትሹ ጥያቄዎች ዝርዝር)። በነጻ ይወርዳሉ፤ ለእያንዳንዱ የጥናት ዓይነት የየራሱ ቅጽ አለው።
- ነጭ ሰሌዳና ማርከር።
- አንድ ወፍራም ደብተር። የጥያቄ መዝገብ የምንለው ይህ ነው።
- ሰዓት፦ በራውንድ ላይ በቀን 5 ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን 40 ደቂቃ። ከዚህ በላይ አትጠይቁ። ሥራ የበዛበት ሬዚደንት መጀመሪያ የሚተወው ይህንን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ልብ የምትሏቸው

አስቸኳይ ሕክምና ለትምህርት አይቆምም። ታካሚው እየታፈነ ወይም እየደማ ከሆነ መጀመሪያ በምታውቁት መንገድ እርዱት፤ ጥያቄው በማግስቱ ይመዘገባል።

ካርዱ ላይ የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር ወይም የአልጋ ቁጥር አይጻፍ። ዕድሜና ሕመሙ ይበቃል። ካርድ ከኪስ ይወድቃል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብደኛል። ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን አንዲት ጎበዝ ሬዚደንትን ታካሚው ፊት «ማስረጃሽ የታለ?» አልኳት። ምንም ክፋት አልነበረኝም። እሷ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለሳምንታት አንድም ጥያቄ አላነሳችም። ታካሚውም ሐኪሙ ላይ ያለው እምነት ተሸረሸረ። ስለዚህ አልጋው አጠገብ ጥያቄ ተቀበሉ እንጂ ፈተና አትስጡ። ክርክሩ ከክፍሉ ወጥታችሁ ኮሪደር ላይ ይሁን።

ደረጃ 1፦ የት እንዳሉ ለኩ

በመጀመሪያው ቀን አንድ የታካሚ ታሪክ በግማሽ ገጽ ስጧቸውና አራት ነገር በጽሑፍ እንዲመልሱ አድርጉ። ጥያቄውን እንዴት ትጽፋለህ? የት ትፈልጋለህ? የትኛው ዓይነት ጥናት ይመልሰዋል? ጥናቱ የሚታመን መሆኑን በምን ታውቃለህ? የፍሬዝኖ ፈተና የሚባለው የታወቀ መለኪያም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ከምርጫ ይልቅ ተማሪው በራሱ ቃል እንዲጽፍ ያደርጋል።

ይህን መዝለል የለባችሁም፤ ሬዚደንቶች የሚደክሙበት ቦታ ይለያያል። አንዱ ፍለጋ ያውቃል፣ ቁጥር ያስፈራዋል። ሌላዋ ስታቲስቲክስ ተምራለች፣ ጥያቄ መቅረጽ ግን ያቅታታል። ወረቀቶቹን አስቀምጧቸው፤ በመጨረሻ ትፈልጓቸዋላችሁ።

ደረጃ 2፦ ጥያቄውን ትኩስ እያለ ያዙ

ራውንድ ላይ በቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ይመዝገብ። ሬዚደንቱ ሲያመነታ፣ ሁለት ሲኒየሮች ሳይስማሙ ሲቀሩ ወይም የታካሚው ቤተሰብ «ይሄ መድኃኒት ግዴታ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ያኔ ካርዱ ይውጣ። የጠያቂው ስም፣ ቀኑና መልሱ የሚመለስበት ቀን ይጻፍበት። ቀን ያልተቆረጠለት ጥያቄ አይመለስም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጥያቄዎችን መለየት አለባችሁ። «የልብ ድካም ምንድን ነው? መድኃኒቱስ እንዴት ይሠራል?» የሚለው መሠረታዊ እውቀት ነው፤ መልሱ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለ። «እንዲህ ላለው ታካሚ ይህን ልስጥ ወይስ ያንን?» የሚለው ደግሞ ጥናት የሚፈለግለት ነው። ጀማሪዎች የመጀመሪያውን ይዘው ፐብሜድ ውስጥ ይገቡና ሰዓታቸው ያልቃል። ሁለቱም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሚሄዱበት ቦታ ግን የተለያየ ነው።

ደረጃ 3፦ ጥያቄውን በአራት ክፍል ስበሩት

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። እኔ ካለኝ ጊዜ ግማሹን የማጠፋው እዚህ ነው፤ እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ እመክራለሁ። አራቱ ክፍሎች ፒኮ ተብለው ይታወቃሉ፦ ታካሚው ማን ነው፣ ምን ልናደርግለት አስበናል፣ ከምን ጋር እናወዳድረዋለን፣ ምን ውጤት እንጠብቃለን።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ስለ አንድ ወጣት ተነገረ። ማታ በመኪና አደጋ ተጎድቶ የመጣ ነው፤ ብዙ ደም ፈሶታል። የተረኛው ሬዚደንት ደም መፍሰስን ስለሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ጠየቀ፤ እኔም በጥያቄ መለስኩለት።

«ትራኔክሳሚክ አሲድ ልንሰጠው ይገባ ነበር ወይ?»

«ለማን?»

«ለደማ ሰው።»

«ወልዳ የምትደማ እናትም ደምታለች።»

«እሺ፣ በአደጋ ተጎድቶ ለሚደማ አዋቂ።»

«ከምን ጋር ታወዳድረዋለህ?»

«ካለመስጠት ጋር። ሌላው እርዳታ ያው ሆኖ።»

«ምን እንዲለወጥ ፈልገህ ነው?»

«ደሙ እንዲቆም።»

«ደሙ ቆሞ ቢሞትስ?»

ዝም አለ። ካርዱ ላይ «ደም መቆም» ብሎ ጽፎ ነበር፤ በአንድ መስመር ሰረዘውና ከሥሩ «ሞት» ብሎ ጻፈ።

«ከተጎዳ ምን ያህል ቆይቶ ነበር የደረሰው?»

«አምስት ሰዓት ገደማ።»

«እሱንም ጻፈው።»

በመጨረሻ ካርዱ ላይ የቀረው ይህ ነው፦ በአደጋ ተጎድቶ ብዙ ደም የሚፈሰው፣ ከተጎዳ አምስት ሰዓት የሆነው አዋቂ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ ቢሰጠው ካለመስጠቱ ጋር ሲነጻጸር ሞትን ይቀንስለታል?

ሁለት ነገር ልብ በሉ። መምህሩ አንድም መልስ አልሰጠም፤ እየጠየቀ ብቻ ነው ያስጠበበው። ሁለተኛ፣ ሬዚደንቱ ከላብራቶሪ ወይም ከምልክት ውጤት ወደ ታካሚው ውጤት ተሻገረ። ይህን መሻገር ማስተማር የምትችሉት በዚህች ቅጽበት ነው።

ለምን እንደሚጠቅም ለማሳየት የካስትን ጥናት ንገሯቸው። ከልብ ጥቃት (ኸርት አታክ) በኋላ የሚመጣን የተዛባ የልብ ምት ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ ያጠፋሉ፤ ኢሲጂው (የልብ ምት ምርመራው) ያምራል። በ1989 የወጣው የጥናቱ ውጤት ግን መድኃኒቱን የወሰዱት ፕላሴቦ (መድኃኒት የሚመስል ግን መድኃኒት የሌለበት) ከወሰዱት በበለጠ እንደሞቱ አሳየ። ኢሲጂው ተስተካክሎ ሰውየው ሞተ። ይህን የሰማ ሬዚደንት ከዚያ በኋላ «ምን ውጤት?» የሚለውን ክፍል በችኮላ አይሞላም።

ደረጃ 4፦ በ10 ደቂቃ ፈልጉ

ሰዓት ያዙ። ገደብ ከሌለው ፍለጋው ሌሊቱን ይወስዳል፣ በሚቀጥለው ቀንም ማንም አይፈልግም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

ሀ. መጀመሪያ ሌላ ሰው ሰብስቦ የመዘነውን ፈልጉ። በቅርቡ የታደሰ ጋይድላይን ወይም የኮክሬን ሲስተማቲክ ሪቪው ካለ ከዚያ ጀምሩ። ከሌለ ወደ ነጠላ ጥናቶች ውረዱ።

ለ. ፐብሜድ ላይ ከአራቱ ክፍሎች ሁለቱን ብቻ አስገቡ፤ ታካሚውንና ሕክምናውን። አራቱንም በአንድ ጊዜ ስታስገቡ ብዙውን ጊዜ ምንም አይመጣም። ውጤቱ ከበዛ ሦስተኛውን ጨምሩ።

ሐ. ተመሳሳይ ቃላትን በ«ኦር» አያይዟቸው፤ የተለያዩ ሐሳቦችን በ«ኤንድ»። የመጀመሪያው ያሰፋል፣ ሁለተኛው ያጠብባል። ሁለት ክብ ሰሌዳ ላይ ሥላችሁ አሳዩአቸው፤ በአንዴ ይገባቸዋል።

መ. ክሊኒካል ኩዌሪስ የሚባለውን የፐብሜድ ገጽ አስለምዷቸው። ጥያቄው የሕክምና፣ የምርመራ ወይም የትንበያ መሆኑን ስትመርጡ ለዚያ የሚሆኑ ጥናቶችን ያጣራላችኋል።

ሠ. የጻፉትን የፍለጋ ቃል ካርዱ ጀርባ ላይ ይገልብጡት። ምንም ካልተገኘ ስህተቱ የት እንደነበር የምታዩት ከዚያ ነው።

ሬዚደንቱ ሲፈልግ አጠገቡ ተቀመጡና እጃችሁን ከኪቦርዱ አርቁ። ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ይጽፋል፤ ይሳሳት። ከዚያ «ከነዚህ ቃላት የትኛው ቢወጣ ትርጉሙ አይጎዳም?» ብላችሁ ጠይቁት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚጠይቁ ሬዚደንቶች ብዙ ናቸው። ክልከላ አይሠራም። አንድ ደንብ ግን አይጣስ፤ የተጠቀሰውን ጥናት ራሳችሁ ከፍታችሁ ሳታዩ ራውንድ ላይ አትጥቀሱ። እነዚህ መሣሪያዎች የሌለ ጥናት ከነርዕሱ፣ ከነደራሲው ፈጥረው ሊሰጡ ይችላሉ።

ደረጃ 5፦ ጥናቱን መዝኑ፤ በሳምንት አንድ ሐሳብ ብቻ

የካስፕን ቅጽ ስትከፍቱ ሁሉንም ጥያቄ በአንድ ቀን ለመጨረስ ያምራችኋል። አታድርጉት። በመጀመሪያው ሳምንት ድልድል (ታካሚዎች በዕጣ ወደየቡድናቸው የሚመደቡበት መንገድ) ብቻ፣ በሁለተኛው ሕክምናውን የሚያውቀው ማን ነው የሚለው ብቻ፣ በሦስተኛው ከጥናቱ የጠፉት ሰዎች ብቻ። ሁሉንም በአንዴ የተማረ ሰው ስሞቹን ይሸመድዳል፤ ከአርቲክሉ ውስጥ ግን አያገኛቸውም።

በየሳምንቱ የምትጠቀሙበት አንድ ብልሃት አለ። አብስትራክቱንና ማጠቃለያውን በወረቀት ሸፍኑት። የአሠራር ክፍሉንና ሰንጠረዦቹን ብቻ አንብበው መደምደሚያውን ራሳቸው ይጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን አንሱና አወዳድሩ። ደራሲዎቹ ቁጥሩ ከሚለው አልፈው የሄዱበትን ቦታ ራሳቸው ያገኙታል።

ሁሌም የሚምታቱባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ የድልድል ምሥጢራዊነትና ዕውር ማድረግ። የመጀመሪያው ታካሚው ወደ ጥናቱ ከመግባቱ በፊት የሚደረግ ነው፤ የሚያስገባው ሐኪም ቀጣዩ ታካሚ የትኛው ቡድን እንደሚደርሰው አያውቅም። ሁለተኛው ከገባ በኋላ ነው፤ ታካሚው፣ ሐኪሙ ወይም ውጤቱን የሚመዝነው ሰው ምን እንደተሰጠ አያውቅም። በተግባር አሳዩአቸው። ስስ ፖስታ ውስጥ «ሕክምና» ወይም «ፕላሴቦ» የሚል ወረቀት አድርጉና ወደ መብራቱ አንሱት። ጽሑፉ ይታያል። «አሁን በጣም የታመመውን ሰው የትኛው ውስጥ ልታስገባው ትፈተናለህ?» በሏቸው። ዕጣው ቢወጣም ሚዛኑ እንዴት እንደሚዛባ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም። ቀዶ ሕክምናን ከመድኃኒት ጋር የሚያወዳድር ጥናት ሐኪሙን ዕውር ማድረግ አይችልም፤ ድልድሉን በምሥጢር መያዝ ግን ሁልጊዜ ይቻላል።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን በእጃቸው ያስሉ

ብዙ መምህራን የሚዘሉት ደረጃ ነው። ሬዚደንቶቹ «ቁጥር አይሆንልኝም» ይላሉ፣ መምህሩም ያልፋል። ግን ከመደመር፣ ከመቀነስና ከማካፈል ያለፈ ነገር የለውም።

በአይሲስ ሁለት ጀምሩ። በ1988 የወጣ፣ የልብ ጥቃት የተጠረጠረባቸው 17,187 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ነው። በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ምክንያት የሞቱት አስፕሪን ካልወሰዱት 11.8 በመቶ፣ ከወሰዱት 9.4 በመቶ ነበሩ። ሰሌዳው ላይ እንዲህ አስሠሯቸው፦

- ልዩነቱ፦ 11.8 ሲቀነስ 9.4፣ 2.4 በመቶ። ይህ ፍጹም ቅናሹ ነው።
- አንጻራዊው፦ 2.4 ለ11.8 ሲካፈል 20 በመቶ ገደማ።
- አንድ ሞት ለማስቀረት ስንት ሰው ይታከም? 100 ለ2.4 ሲካፈል 42 ገደማ።

ከዚያ ጠይቁ፤ «መድኃኒት ሻጭ የትኛውን ቁጥር ይነግርሃል? ለታካሚህስ የትኛውን ትነግረዋለህ?» ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። «20 በመቶ ይቀንሳል» የሚለው ግን ከስንት እንደተነሳ አይናገርም። ከ1,000 ሰው 2 ይሞት የነበረበት ሕመም ላይ 20 በመቶ ቢቀነስ የሚተርፈው ከ1,000 አንድ እንኳ አይሞላም።

ለምርመራ ደግሞ 1,000 ሰው ሰሌዳው ላይ አስቡ። ሴንሲቲቪቲውም (የታመመውን የመያዝ ብቃቱ) ስፔሲፊሲቲውም (ያልታመመውን ነጻ የማለት ብቃቱ) 90 በመቶ የሆነ ምርመራ ውሰዱ። በሽታው ከ1,000 ሰው 100 ላይ ካለ፣ ከታመሙት 90 ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ካልታመሙት 900 ውስጥም 90 በስህተት ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ስለዚህ ፖዘቲቭ የወጣ ሰው የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አሁን በሽታው ከ1,000 ሰው 10 ላይ ብቻ ነው ያለው በሉ። 9 እውነተኛ፣ 99 ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይወጣል። ያው ምርመራ፣ ያው ማሽን፣ ፖዘቲቭ ከወጡት 108 ሰዎች የታመሙት 9 ብቻ። ሬዚደንቶች ይህን በእጃቸው ሲያስሉ ፊታቸው ላይ የሚታየውን እወደዋለሁ። በሽታው ሳይጠረጠር ምርመራ ማዘዝ ለምን እንደሚጎዳ ከዚያ በኋላ መስበክ አያስፈልጋችሁም።

ወደ ካርዳችን እንመለስ። ሬዚደንቱ ያገኘው ክራሽ ሁለትን ነው፤ በ2010 የወጣ፣ 20,211 የተጎዱ አዋቂዎች የተሳተፉበት ጥናት። ትራኔክሳሚክ አሲድ ከወሰዱት 14.5 በመቶ፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት 16 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ 1.5 በመቶ፤ ለአንድ ሕይወት 67 ሰው ይታከማል። የአንጻራዊ ሥጋቱ (የአንዱ ቡድን የሞት መጠን ለሌላው ሲካፈል) ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው ውጤት ሊገኝበት የሚችለው ክልል) ከ0.85 እስከ 0.97 ነው። «1 ለውጥ የለም ማለት ነው፤ ክልሉ 1ን ነክቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። አልነካም።

ሬዚደንቱ ደስ አለው። «ስለዚህ መስጠት ነበረብን» አለ። ካርዱን አሳየሁት። አምስት ሰዓት ይላል።

በ2011 ያው ቡድን ውጤቱን በሰዓት ከፍሎ አወጣ። በደም መፍሰስ የሞቱትን ብቻ ሲቆጥሩ፣ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ለታከሙት 5.3 በመቶ ከ7.7 ጋር ሲነጻጸር ጥቅም ታየ። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት 4.8 ከ6.1። ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 4.4 በመቶ፣ ካልወሰዱት 3.1 በመቶ ሞቱ። ያ ወጣት መድኃኒቱ ሳይሰጠው መቅረቱ ትክክል ነበር። ሰዓቱ ካርዱ ላይ ባይጻፍ ኖሮ በዚያን ቀን ተቃራኒውን ተምረን እንወጣ ነበር።

እዚህ ላይ ጎበዝ ሬዚደንት ይነሳና «ታካሚዎችን እየከፋፈሉ ማየት አሳሳች ነው ብላችሁን የለ?» ይላል። ልክ ነው፣ ይበርታ። አይሲስ ሁለት ውስጥ ታካሚዎቹ በኮከባቸው ሲከፈሉ ጀሚናይና ሊብራ የሆኑት ከአስፕሪን ያልተጠቀሙ መስለው ነበር። ደራሲዎቹ ያወጡት የዚህን አደጋ ለማሳየት ነው። ታዲያ ሰዓቱን ለምን እንመን? ሦስት ነገር አስፈትሿቸው። ክፍፍሉ ጥናቱ ከመተንተኑ በፊት ታቅዶ ነበር? የአካሉ አሠራር ያስረዳዋል? በሌላ ጥናትም ተደግሟል? ለሰዓቱ ሦስቱም መልስ አዎ ነው። የ40,138 ታካሚዎችን መረጃ ያጣመረ ኋላ የወጣ ትንተናም ከሦስት ሰዓት በኋላ ጥቅም አላገኘም። ለኮከቡ አንዱም አይሞላም።

ደረጃ 7፦ ወደ ታካሚው መልሱት

«ይህ ጥናት የኔን ታካሚ ያስገባው ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ያስለምዷቸው። ማን እንደገባ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልገባም ያንብቡ።

ለዚህ ከፊስት ጥናት የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛንያ ከባድ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም ያለባቸው ሕፃናት የተሳተፉበት፣ በ2011 የወጣ ጥናት ነው። በፍጥነት የሚሰጥ ፈሳሽ ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ 10.5 በመቶ አካባቢ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ። ይህን ያነበበ ሬዚደንት «ለሕፃን ፈሳሽ በፍጥነት አይሰጥም» ብሎ ሊወጣ ይችላል። የማግለያ መስፈርቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አድርጉት። ተቅማጥና ትውከት ያለባቸው፣ ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸውም አልተካተቱም። ስለዚህ ጥናቱ በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበትን ሕፃን አይመለከትም። ይህን ሳያነብ የቀረ ሐኪም ትክክለኛ ጥናት ይዞ ልጅ ሊጎዳ ይችላል።

ከዚያ የታካሚው ፈቃድ አለ። ሬዚደንቱ ውጤቱን ለታካሚው እንደሚናገር አድርጎ በአንድ ደቂቃ ይንገራችሁ፤ ያለ እንግሊዝኛ፣ ያለ በመቶ። «እንደ እርስዎ ካሉ 100 ሰዎች መድኃኒቱን ባይወስዱ 12 ያህሉ ይሞታሉ፤ ቢወስዱ 9 ያህሉ።» ይህን መናገር ካቃተው ገና አልገባውም ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ ግማሽ ገጽ ይጻፍ፣ ቀኑም ይቆረጥለት

መልሱ ደብተሩ ላይ ይገባል። ጥያቄው፣ የፍለጋው ቃል፣ ጥናቱ፣ ዋናው ቁጥር፣ ድክመቱ፣ ለታካሚው ምን ተደረገ። ከግማሽ ገጽ አይለፍ። ከታች «እስከዚህ ቀን ድረስ ይታደስ» የሚል ቀን ይኑረው፤ አዲስ ጥናት ይወጣል። በማግስቱ ራውንድ ላይ ሬዚደንቱ በሁለት ደቂቃ ያቀርበዋል። ይህ የሁለት ደቂቃ አቀራረብ ከቀረ ቀሪው ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቆማል።

ደረጃ 9፦ መልሳችሁ ለኩ

በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያውን ቀን ፈተና በሌላ ታሪክ ድገሙት። ከእሱ ይልቅ ግን ደብተሩን እመኑ። ስንት ጥያቄ ገባ? ስንቱ ተመለሰ? ስንቱ የታካሚ ሕክምና ለወጠ? ሦስተኛው ቁጥር ዜሮ ከሆነ ጥያቄዎቹ ከአልጋው አጠገብ እየመጡ አይደለም፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ጆርናል ክለብን (ጥናት አብሮ የሚነበብበትን ስብሰባ) ከታካሚ ነጥሎ ማካሄድ። አርቲክሉ የተመረጠው አዲስ ስለሆነ ነው፤ ማንም የጠየቀው ጥያቄ የለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሳምንቱን አርቲክል ከደብተሩ ምረጡ።

ሁሉንም ጥናት ማጣጣል። መመዘን የተማረ ሬዚደንት መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ የትኛውም ጥናት ጉድለት ስላለው «አይረባም» ይላል። «ጉድለቱ ውጤቱን ወደ የትኛው አቅጣጫ ይገፋዋል? በምን ያህል?» ብላችሁ መልሱት። መልስ ከሌለው ጉድለቱ ጥናቱን አይጥልም።

ፒ ቫልዩን (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉን) እንደ ዳኛ ማየት። ከ0.05 ማነሱ ልዩነቱ ትልቅ ነው ማለት አይደለም፤ መብለጡም መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን ሁለቱንም ጫፍ ያንብቡ፤ «ይህ ጫፍ እውነት ቢሆን መድኃኒቱን ትሰጣለህ? ያኛውስ?»

«ማስረጃ የለም» እና «እንደማይሠራ ማስረጃ አለ» የሚሉትን ማምታታት። ሁለቱን ካርድ ላይ ለይተው ይጻፉ።

መምህሩ ሁሌም መልስ ማወቁ። በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ተማሪዎቻችሁ ፊት «አላውቅም፤ ካርዱን ስጡኝ» በሉ። የራሳችሁን ጥያቄ ጻፉ፣ ፈልጉ፣ በማግስቱ ሁለት ደቂቃችሁን ወስዳችሁ አቅርቡ። ከሬዚደንቶቹ አንዱ ሰዓት ይያዝላችሁ።